አላደርኩም

ባለፈው ወር መጋረጃ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ የአቡጀዲ ጣቃ አውርዶ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋው ሽታው ቀድሞ መጣና አስቆመኝ። ውኃ ያልነካው አቡጀዲ የራሱ ሽታ አለው፤ የአሚዶ፣ ትንሽ የአቧራ፣ ትንሽም የአዲስ ደብተር። ዝም ብዬ ስቆም ሻጩ ዋጋው የከበደኝ መስሎት መቀነስ ጀመረ። አላቋረጥኩትም።

በዚያው ሱቅ ሬዲዮ አንድ ወጣት ሐኪም ስለ እንቅልፍ ማጣትና ስለ ድባቴ ያስረዳ ነበር። ጥሩ ይናገራል። ዓይኑ ፈጥጦ የሚያነጋ፣ ምግብ የሚያስጠላው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ አመድ የሆነበት ሰው ሰነፍም የተረገመም እንዳልሆነ፣ ታሞ እንደሆነ፣ ሕመሙም ምክርና መድኃኒት እንዳለው ተናገረ። ይህን ሁሉ አምናለሁ። የተጣላሁት መጨረሻ ላይ ጣል ካደረጋት ቃል ጋር ነው። «ድሮ ማኅበረሰባችን ስለዚህ ነገር ምንም ግንዛቤ አልነበረውም» አለ። እንዲህ ያለ ንግግር በተሰማ ቁጥር ደግሞ «አባቶቻችን እኮ ለሁሉም መላ ነበራቸው» ብለው የሚነሡ አሉ። ከሁለቱም ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ለመቀመጥ አልፈልግም። እኔ የማውቀው የመካነ ሰላምን አንድ በጋ ብቻ ነው፤ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ሰባት ዓመት ገደማ ሳለሁ። በዚያ በጋ ግንዛቤ ከሚያስፈልገው በላይ ነበረን። የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የእናቴ ታናሽ እህት እታገኝ ያገባችው እዚያ ነበር። ባሏ አያ ይመር ልብስ ሰፊ ነው። ይመር የሚለው ስም በእኛ አገር የክርስቲያንም የሙስሊምም ስለሆነ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ሥጋው የማን እንደሆነ በጎን ይጠይቃል። አያ ይመር የማርያም ማኅበርተኛ ነበር፤ ሰፌዱ ላይ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ሽሮ ስለነበረ ጥያቄው ትርፍ ነበር።

እኛ የምንኖረው ከደጎሎ ወጣ ብሎ፣ ዓይን እስኪደክም ገብስና ስንዴ ብቻ በሚታይበት ሜዳ፣ በአያቴ ግቢ ነው። እታገኝ በዚያ ክረምት ከእኛ ጋር ነበረች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት በአባት ቤት ይወለዳልና ሆዷ ሲገፋ በበቅሎ መጥታ፣ ሐምሌ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። እኔም ይዣታለሁ። ጭንቅላቷ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ጣቴን ስሰጣት ጨብጣ አትለቅም። እታገኝ ያኔ ሣቋ ከማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች፤ «ተያት እንጂ፣ ጣትሽን ይዛው ልታድር ነው» ትለኝ ነበር።

ዝናቡ ሳያባራ ከመካነ ሰላም መልእክተኛ መጣ። ባሏ «ይበቃል፣ አምጡልኝ» ብሏል። ሴቶቹ «ሰማንያዋ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ፣ በዚህ ጭቃ?» ብለው አጉረመረሙ። የባል ቃል ነውና ሕፃኗ አባቷ በላከው አዲስ አቡጀዲ ተጠቅልላ፣ በቅሎ ላይ በእናቷ እቅፍ ሄደች። እኔ ፊደል እንድቆጥር እነርሱ ዘንድ እንድቀመጥ ስለተወሰነ ከመስቀል በኋላ ከነጋዴዎች ጋር ተከተልኩ።

ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ልጅቷ ነው።

«የታለች?»

እታገኝ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ጠጉሯ ከተሠራ ሰንብቷል። ጉንጬን ሳመችኝ እንጂ አልመለሰችልኝም። አያ ይመር ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ወደ መጣችበት ተመለሰች» አለ።

ወደ መጣችበት። የመጣችው ከደጎሎ ነው። ታዲያ መንገድ ላይ እንዴት ሳንገናኝ ቀረን? ነጋዴዎቹ በቆላው የሚያቋርጥ አጭር መንገድ እንዳለ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። በዚያ ሄዳ ይሆናል አልኩ፤ በእኔ በኩል ነገሩ ተዘጋ።

ሰባት ዓመት የሞላት የገጠር ልጅ ሞትን አታውቅም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አሳምሬ አውቅ ነበር። ሞት ማለት ሙሾ ነው፤ ደረት መድቃት ነው፤ ወንዶቹ ኩታቸውን አዘቅዝቀው መቀመጥ፣ ጎረቤት እንጀራ ተሸክሞ መምጣት ነው። በዚህ ቤት ማንም አላለቀሰም። ስለዚህ ማንም አልሞተም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሎጂክ የተጻፉ መጻሕፍት አገላብጫለሁ፤ በዚህ አመክንዮዬ ላይ እንከን አላገኙልኝም። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ፍትሐት እንደሌለው፣ ለቅሶ እንደማይቀመጡለት፣ እናቲቱንም «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ብለው እንደሚያልፉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ የአያ ይመርን በረንዳ መጥረግ ነበር። የጨርቁን ቁርጥራጭ በቀለም እለያለሁ፤ የወደቁትን መርፌዎች እለቅማለሁ፤ ካውያው ውስጥ ከሰል ጨምሬ እስኪቀላ አናፋለሁ። በረንዳው የማሽን ዘይት፣ የጋለ ሱፍና የአቡጀዲ ሽታ አለው። ያለቀ ሳሙና ስስ ሲሆን አይጣልም፤ አያ ይመር ጨርቅ ላይ መስመር ያሰምርበታል። የቁልፍ ቤት መሥራት የእታገኝ ድርሻ ነበር። ሁሉም ነገር ቤት እንዳለው የተማርኩት ከእርሷ ነው። «ቁልፍ ቤቱን ካላገኘ ኮቱ ኮት አይደለም» ትለኝ ነበር፣ ደጎሎ ሳለች የአያቴን ካፖርት ስትጠግን። አሁን ግን መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ እዚያው ትቀራለች። እጇ እንደቆመ፣ ዓይኗ እንደተከፈተ። «እትዬ» ስላት ከሩቅ ተጠርታ እንደምትመጣ ሰው ቆይታ ትመጣለች። ወጡን ሁለቴ ጨው ታደርግበታለች፤ በማግስቱ ጨርሶ ትረሳዋለች። አያ ይመር ሁለቱንም ዝም ብሎ ይበላል።

ሰላምታችን ስለ ሌሊት የሚጠይቅ ሰላምታ ነው። እንዴት አደርሽ እንላለን። ጠያቂው ግን መልሱን ለመስማት አይቆምም፤ መላሹ «እግዜር ይመስገን» ብሎ ሳይጨርስ ጠያቂው አጥሩን አልፎ ሄዷል። ጎጆው የተቃጠለበትም፣ ጥርሱን ሲያመው ያነጋም «እግዜር ይመስገን» ነው የሚለው። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ አንዳንድ ቀን እታገኝም እርሳቸውን ተከትላ እንዲሁ ትል ነበር፤ በዚያ አገር ማንንም አያስደንቅም። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ማለዳ ሰው ሁሉ ስለ ሌሊቱ ሲጠየቅ፣ እውነቱን የተናገረ አንድም ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ የአያ ይመር ታላቅ እህት እትዬ ወርቄ መጡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ወንድማቸውን እንደ ልጅ ያሳደጉ፣ በአካባቢው ለቅሶ ቤት ሁሉ ለአልቃሽነት የሚፈለጉ ሴት ናቸው። ደረቅ ድምፅ አላቸው። የሽንኩርት ቅርጫታቸውን ደጃፍ አስቀምጠው፦

«እንዴት አደርሽ፣ እታገኝ?» አሉ።

እታገኝ ካውያውን ይዛ ነበር። ጥያቄውን እንደ ጥያቄ የሰማችው ይመስለኛል፤ የደከመ ሰው እንዲህ ይሳሳታል።

«አላደርኩም» አለች።

እትዬ ወርቄ ወደ ቅርጫታቸው የሰደዱትን እጅ መለሱ። «ምን አልሽ?»

«አላደርኩም፣ እትዬ። ካደርኩ ሰነበተ። አላድርም።»

«የት ነው ያላደርሽው?»

እታገኝ ጥያቄው አልገባትም። ትንሽ አሰበችና፦

«እዚህ» አለች።

ያገባች ሴት እዚህ አላደርኩም ስትል ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው ማስረዳት አይገባኝም። እርሷ እንቅልፍ ማለቷ ነበር። እትዬ ወርቄ የሰሙት ሌላ ነው። ቅርጫታቸውን አንሥተው ሄዱ፤ ሽንኩርቱ ተሽጦ ሳያልቅ ወሬው ገበያውን ጨርሶ ነበር።

እኔም የራሴ ትርጉም ነበረኝ። ሌሊት ማለት አንድ ትልቅ ቤት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሲመሽ ሁላችንም እንገባና በሩ ይዘጋል፤ ሲነጋ በወዲያኛው በር እንወጣለን። ማደር ማለት በዚያ ቤት ማለፍ ነው። እታገኝን ታዲያ ባለቤቱ ተጣልቷት አያስገባትም። ውጭ፣ በብርዱ ቆማ ታነጋለች። የኅዳር ውርጭ ሣሩን ጠዋት ነጭ አድርጎት ሳይ የምትቆምበትን ቦታ በዓይኔ እፈልግ ነበር። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ «አክስትሽ የት አደረች?» ብላ ጓደኞቿን ስታስቅ፣ «ደጅ» አልኳት በቅንነት። ሣቁ ለምን እንደጨመረ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም ማወቅ የጀመረው። እትዬ ወርቄ «ሰው ወድዳለች» አሉ። ክሊኒክ ያለው ድሬሰር «የደም ማነስ ነው» ብሎ ወጋት፤ ያኔ ያልተወጋ በሽታ እንደ በሽታ አይቆጠርም ነበር። የወጋት ቦታ አበጠና እርሱንም በትኩስ ጨርቅ መተኮስ ለእኔ ሥራ ሆነ። የነፍስ አባቷ መምሬ አድማሱ ዓይነ ጥላ መሆኑን አወቁ፤ ጎሕ ሲቀድ ጠበል እንድትጠመቅ አዘዙ። በዚያ ውርጭ ተጠምቃ ከንፈሯ ጠቁሮ ስትመለስ አያ ይመር ጋቢውን አውልቆ ይደርብላታል። እትዬ ዘይነባ ደግሞ «ይህ የጂን ነገር ነው፣ ወላሂ፣ ዱዓ ነው የሚሻላት» ብለው ቤታቸው ለጋራ ልመና ወዳጃ ሲቀመጡ ወሰዷት። እኔም ቀሚሷን ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ እያጨበጨቡ በዜማ ሲለምኑ፣ ከበሮው ሲመታ፣ እታገኝ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል፣ የእትዬ ዘይነባ ትከሻ ላይ ተኛች። አፏን ከፍታ። ሴቶቹ «ለቀቃት! ለቀቃት!» ብለው እልል አሉ። እልልታው ቀሰቀሳት።

በማግስቱ ያው ነበረች። እትዬ ዘይነባ አጥር ላይ ተደግፈው «አብሽሪ፣ እታገኝ፣ አብሽሪ» አሏት፤ ያ ደጎች የሚሉት የወሎ ቃል ነው፤ አይዞሽም፣ መልካም ይመጣልም ማለት ነው። እርሷ ራሷን ነቀነቀች። አሁን ሳስበው ሰው ሁሉ የሚያደርግላት ነገር ነበረው። ነገሩ ከመጀመሪያው እንዴት እንደጀመረ የጠየቃት ግን የለም። እርግጥ ድሬሰሩ ጠይቋል፤ የጠየቀው ስለ ሽንቷ ነው።

በኅዳር መጨረሻ አያ ይመር የስፌት መኪናውን ከበረንዳው አንሥቶ ወደ ቤት አስገባና በሩ ሥር ተከለው። የሥራ ብዛት ነው አለ። ማታ ማታ ኩራዝ አብርቶ ይሰፋል፤ በሩን ለመክፈት የፈለገ ሰው እርሱን ሳያስነሣ አይችልም። እኔ እንደ ግንድ ተጋድሜ ስለምተኛ ሌሊቱ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። የማውቀው ማለዳውን ነው። የአያ ይመር ዓይን በርበሬ ይመስላል። ቤቱ የኩራዝ ጭስ ይሸታል፤ የአፍንጫዬን ቀዳዳ ስጠርግ ጥቁር ይወጣል። መኪናው ሥር የማገኘው ቁርጥራጭም ተለወጠ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ አይገኝበትም።

የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ለገና ያሠሩትን ኮት ሲለኩ የግራው እጅጌ በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ተተክሎ ተገኘ። ክርናቸውን ማጠፍ አቅቷቸው በረንዳው ላይ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቆሙ።

«አያ ይመር፣ ይህ ኮት ወደ ኋላ ለሚራመድ ሰው ነው እንዴ የተሰፋው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታው። እፈታዋለሁ።»

«ኧረ አንተንስ ማን በፈታህ!» አሉ አንድ ተራ ጠባቂ ሽማግሌ። ሰው ሣቀ። ሚስቱ ደጅ ታድራለች የተባለበት ባል ቀልድ ሲቀለድበት መሣቅ አለበትና አያ ይመርም ሣቀ። እታገኝ ውስጥ ሆና ሰማች፤ የቁልፍ ቤቱን ስትሠራ ጣቷን ወጋችና ደሟን ጨርቁ እንዳይነካ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ከገና በፊት ባለው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀመጡ። ብዙ አልነበሩም፤ መምሬ አድማሱና የእትዬ ዘይነባ ባል ሼህ እንድሪስ ናቸው። ሼህ እንድሪስ ቁርኣን ያስቀራሉ፤ የክርስቲያን ባልና ሚስት ሲጣሉም ያለ እርሳቸው አይታረቁም ነበር። እትዬ ዘይነባ ከእታገኝ ጎን፣ እትዬ ወርቄ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አያ ይመር መኪናው ላይ እንዳለ ቀረ። የሚነገረው ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ እታገኝ ወደ አባቷ ቤት ወደ ደጎሎ ትመለስ ነው። እርሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ፤ ፊደሌ እዚያው ላይ ይቆማል። ለእርሷ ደግሞ፣ እንዲህ ተብሎ የተመለሰች ሴት በአባቷም ቤት ቀና ብላ አትሄድም። ይህን ሁለተኛውን ያኔ አላውቅም።

«እኔ ክፉ አልተናገርኩም» አሉ እትዬ ወርቄ። «ከገዛ አፏ ነው። አላደርኩም አለችኝ። የት ብላት እዚህ አለችኝ።»

«ብለሻል፣ ልጄ?» አሉ መምሬ አድማሱ።

«ብያለሁ፣ አባቴ።»

«ኧረ እንቅልፍ ማለቷ ነው፣ ሱብሐነላህ!» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«እንቅልፍማ ሁላችንም አናጣም? እኔ ባሌ የሞተ ጊዜ ተኝቼ ነበር? ግን አንድም ቀን አላደርኩም ብዬ አላውቅም!»

ሼህ እንድሪስ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ይመር፣ አንተ ምን ትላለህ? ቤቱ ያንተ ነው።»

አያ ይመር የመኪናውን ጎማ በመዳፉ እንደያዘ ቀረ። መምሬ አድማሱ ዞር ሲሉ፣ ቁርጥራጩ መካከል የተቀመጥኩትን እኔን አዩ።

«አንቺ ሚጣዬ፣ ከእነርሱ ጋር የምታድሪው አንቺ ነሽ። አክስትሽ ወደ አያትሽ ብትሄድ ይሻላል ወይስ እዚህ ብትቀመጥ?» አሉኝ። ቀልድ ቢጤ፣ ዝምታውን ለመስበር ነው የጠየቁኝ።

እኔ ግን ብዙ ያሰብኩበት ጉዳይ ነበር።

«ትሂድ» አልኩ። «ልጅቷ እዚያ አይደለች? ስታገኛት ያስገባታል።»

የሌሊቱን ባለቤት ማለቴ ነበር። ማን ያስገባታል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እትዬ ዘይነባ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ። ልጅቷ የሚለው ቃል በዚያ ቤት፣ ከመጣሁ ጀምሮ፣ ሲነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ እርሱም ከእኔ አፍ። እታገኝ አየችኝ። ከሩቅ ተጠርታ የምትመጣ አልመሰለችም፤ እዚያው ነበረች።

አያ ይመር ጎማውን ለቀቀ።

«አላደረችም» አለ። «እውነት ነው።»

«ሰማችሁ?» አሉ እትዬ ወርቄ።

«እትዬ፣ ልጨርስ። ጠብቃት ያሉኝ እርስዎ ነዎት። መኪናውን በሩ ላይ የተከልኩት ለሥራ አይደለም፤ ልይዛት ነው። የት እንደምትሄድ ለማየት ነው። የትም አትሄድም። ልጅቷ የምትጠባበት ሰዓት ሲደርስ ትነሣና ትቀመጣለች። እጇን እንዲህ አድርጋ።» ክንዱን አጠፈ፤ ባዶ ክንድ። «ቆይታ ትጋደማለች። ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ ትነሣለች። ወተቱ ከደረቀ ቆይቷል፤ እርሷ ግን ትነሣለች። እኔ ደግሞ ኩራዙን ይዤ አያታለሁ። መጀመሪያ ሌባ ልይዝ ነበር የምጠብቀው። ኋላ...» ጎማውን መልሶ ጨበጠ። «በዚያ ዝናብ አምጡልኝ ያልኩ እኔ ነኝ። እርሷ አንድ ቀን አንተ ነህ አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። የት አደረች ለምትሉኝ፣ የትም አላደረችም። እኔም የትም አላደርኩም። አብረን ነው ያላደርነው።»

ሼህ እንድሪስ ወደ እታገኝ ሳይሆን ወደ መሬት እያዩ ጠየቁ።

«ስም አውጥታችሁላት ነበር?»

«ክርስትና አልተነሣችም» አለ አያ ይመር።

«እኔ አውጥቼላት ነበር» አለች እታገኝ። «መንገድ ላይ፣ በቅሎዋ ላይ። ማንጠግቦሽ ነው ያልኳት። ለማንም አልነገርኩም።»

መምሬ አድማሱ ጭራቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡት። «ፍትሐት የላትም፤ ሥርዓቱ ነው፣ አልለውጠውም። ማልቀስን የሚከለክል ግን የትም አላነበብኩም» አሉ።

ከዚያ የሆነውን የጠበቀ አልነበረም። እትዬ ወርቄ ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት። ለወንድማቸው ልጅ አንድ እንባ ሳያፈሱ መቅረታቸው እርሳቸውንም ሲበላቸው ከርሞ እንደሆነ አላውቅም፤ ይቅርታ አልጠየቁም፣ ይቅርታ የሚጠይቁ ሴትም አልነበሩም። በዚያ ደረቅ ድምፃቸው አወረዱት፦

«ማንጠግቦሽ ብንልሽ ሳንጠግብሽ ሄድሽ ወይ፣
እናት ነቅታ ስታድር አንቺ ተኝተሽ ወይ?»

እትዬ ዘይነባ ተቀበሉ። ከእታገኝ ጉሮሮ ሰምቼ የማላውቀው ድምፅ ወጣ። አያ ይመር ኩታውን አዘቀዘቀ። የጎረቤት ሴቶች ድምፁን ሰምተው ማን ሞተ እያሉ እየሮጡ ገቡ፤ ተነገራቸውና ተቀመጡ፤ እየመሸ ሲሄድ እንጀራ የተሸከሙ መጡ። እኔ ጥግ ይዤ ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ፤ ሙሾው አለ፣ ደረቱ ይደቃል፣ ኩታው ተዘቅዝቋል፣ እንጀራው መጥቷል። የጎደለ ነገር የለም። ጣቴን ጨብጣ የማትለቀው ልጅ ለእኔ የሞተችው ያን እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በቆላው መንገድ የሄደ ማንም አልነበረም።

ለቅሶው ፈወሳት ብል ደስ የሚላችሁ አላችሁ፤ አልልም። በማግስቱም አልተኛችም። ለሳምንታት ያህል ያው ነበረች፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ባሰባት። የዛሬው ወጣት ሐኪም ያኔ መካነ ሰላም ቢኖር ኖሮ እጇን ይዤ እወስዳት ነበር፤ በየመንገዱ እየተከራከርኩትም ቢሆን። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ነቅታ ስትቀመጥ ብቻዋን አልነበረችም። አያ ይመር መኪናውን ከበሩ ሥር ነቅሎ ወደ መደቡ አስጠጋው። ኩራዙን በመካከላቸው አድርገው እርሱ ይሰፋል፣ እርሷ የቁልፍ ቤት ትሠራለች፤ የልጅቷ ሰዓት ሲደርስ መርፌዋን ታስቀምጣለች፣ እርሱም መኪናውን ያቆማል። ማለዳ ስነሣ አንዳንድ ጊዜ ጨርቁን እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ አንቀላፍታ አገኛታለሁ። እንዳልቀሰቅሳት ካውያውን ደጅ አውጥቼ ነበር የማናፋው። ለደንበኞቹም አያ ይመር አዲስ ሕግ አወጣ። «እንዴት አደርሽ አትበሏት፤ እንዴት ዋልሽ በሏት። ቀኑን ትችለዋለች።» ገበሬው ሁሉ በማለዳ እንዴት ዋልሽ እያለ ሲገባ አገሩ ያበደ ይመስል ነበር።

እትዬ ዘይነባ ብቻ ሕጉን አልተቀበሉም። ጥር ገብቶ፣ የገብሱ ጭድ በየአውድማው ቢጫ ሆኖ በተቆለለበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ አመዱን ልደፋ ከእታገኝ ጋር ወደ አጥሩ ወጣሁ። እትዬ ዘይነባ ከወዲያ በኩል እንስራቸውን አዝለው ወደ ምንጭ ሊወርዱ ነበር።

«እንዴት አደርሽ፣ እታገኝ?»

እትዬ ዘይነባ ጠይቀው አላለፉም። እንስራቸውን ከጀርባቸው አወረዱ፤ አጥሩ ላይ ሁለት ክንዳቸውን ጭነው ቆሙ። ሰው ይህን ሰላምታ ብሎ መልሱን ለመስማት ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ነው። ጊዜ እንዳለው ሰው ቆሙ።

እታገኝ አሰበች። እንደ ልብስ ሰፊ ሚስት፣ የሌሊቱን ቁርጥራጭ በልቧ እየገጣጠመች ይመስለኛል።

«ትንሽ» አለች። «ትንሽ አደርኩ።»

በአማርኛ እንዲህ አይባልም። እትዬ ዘይነባ ግን ገባቸው።

«ለትንሿም አልሐምዱሊላህ» አሉና እንስራቸውን አነሡ።